ድመቴ ከስታለች፣ ውሃ በጣም ትጠጣለች፤ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

የገርጂዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድመት ያላችሁ ሰዎች እስቲ አማክሩኝ። ሹሩባ የምትባል ግራጫ ድመት አለችን፣ ጀርባዋ ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ስላላት ነው ስሙ የወጣላት። ወንድሜ አንደኛ ክፍል በገባበት ዓመት ከጎረቤት አመጣናት፣ እሱ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው፣ እንግዲህ 14 ዓመት አካባቢ ይሆናታል። ታማ አታውቅም።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን ከስታብኛለች። ሳነሳት ቅልል ትላለች፣ የጀርባዋ አጥንት በእጄ ይቆጠራል። ውሃ ደግሞ ትጠጣለች ብላችሁ! ድሮ ውሃ ስትጠጣ አይቻት የማላውቅ ድመት አሁን የሳህኗን ጨርሳ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ላይ ተንጠልጥላ አገኛታለሁ። አሸዋዋም ጠዋት ጠዋት ጭቃ ሆኖ ነው የሚጠብቀኝ። ምግብ አሽትታ ትተዋለች፣ አንዳንድ ቀን ነጭ አረፋ ታስመልሳለች፣ አፏም ይሸታል። ቁም ሳጥን ላይ ካልወጣች እንቅልፍ የማይወስዳት የነበረችው አሁን ሶፋ ላይ ለመውጣት እንኳ ቆማ ታስባለች።

እማዬ «ዕድሜዋ ነው፣ ተያት» ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ቁርጥማት ይሆናል፣ ግማሽ ፓራሲታሞል በወተት በጥብጠሽ ስጫት አለችኝ። ነጭ ሽንኩርት በቅቤ ይሻላታል ያለኝም አለ። የምትበላው ከሥጋ ቤት የምናመጣላት ሳንባ፣ እንጀራ በወጥ እና ወተት ነው። አሁን ፆም ስለሆነ ቤት ሥጋ አይገባም፣ እሷም እንደኛ ሽሮ ላይ ነች። ጥያቄዬ፣ እውነት እርጅና ብቻ ነው? ሐኪም ዘንድ ብወስዳት የሚሠሩላት ነገር አለ ወይስ ብር ማባከን ነው? ምንስ ላብላት?


ካሳንቺስ_ልጅ፦

እህቴ ሰው ራሱ መታከሚያ አጥቶ በተቸገረበት አገር አንቺ ለድመት ትጨነቂያለሽ? ስታረጅ ራሷ ጥግ ይዛ ትሞታለች፣ ተፈጥሮ ነው። አያቴ ቤት ስንት ድመት አርጅቶ ሞተ፣ አንዱም ደሙ ተመርምሮ አያውቅም። ሳንባውን ቀጥዪላት፣ በቃ።


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ከሁሉ በፊት፣ ፓራሲታሞሉን እንዳትሰጫት። ግማሽ፣ ሩብ የሚባል ነገር የለም፣ ለድመት መርዝ ነው። የሰው ጉበት መድኃኒቱን ሰብሮ የሚያስወግድበት መንገድ አለው፣ የድመት ጉበት ግን ያንን መንገድ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ መድኃኒቱ ወደ መርዝ ይቀየርና ቀይ የደም ሴሎቿን ያበላሻል፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል። በሰዓታት ውስጥ ድዷ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ይሆናል፣ ፊቷና መዳፏ ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። የባለ 500 ሚሊግራሙ ግማሽ ለሦስት ኪሎ ድመት ሞት ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም ያው ናቸው፣ እነሱ ደግሞ በኩላሊቷ ነው የሚመጡት። ቀይም ነጭም ሽንኩርት፣ ጥሬም ሆነ የበሰለ፣ የድመትን የደም ሴል ያፈርሳል። እንጀራ በወጥ የምትዪው ራሱ ችግር አለበት እንግዲህ፣ ሽንኩርት የሌለው ወጥ እኛ አገር የት ይገኛል?

አሁን ወደ ሹሩባ። 14 ዓመት ለድመት በሰው ሲሰላ ወደ 72 ገደማ ነው። አሮጊት ናት፣ እማዬ ልክ ናቸው። ግን እርጅና ብቻውን ድመትን አያከሳም፣ ሳፋ ላይም አያንጠለጥላትም። ያረጀች ድመት ከሳችና ውሃ አበዛች ሲባል እኛ መጀመሪያ የምናስበው ሦስት ነገር ነው፣ ኩላሊት፣ ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) እና ስኳር። አንቺ የጻፍሽውን ሳየው፣ ምግብ መተዋ፣ ማስመለሷ፣ የአፏ ሽታ፣ ወደ ኩላሊት ያዘነብላል። ሳላያት ግን ነው ብዬ አልፈርድም።

የኩላሊት ነገር እንዲህ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ሽንትን ያወፍራል፣ ውሃውን ለሰውነት ያስቀራል። ሲደክም ሽንቱ ቀጭን ሆኖ ይወጣል፣ እሷም የወጣውን ለመተካት ትጠጣለች። ስለዚህ ውሃ አትከልክያት! አሸዋው ረጠበ ብለው ውሃ የሚቀንሱ ሰዎች አሉ፣ ድመቷን በሁለት ቀን ያደርቋታል። መጥፎው ነገር ክሬአቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊቱ ሥራ ሦስት አራተኛው ገደማ ከጠፋ በኋላ መሆኑ ነው። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን ማቆየት ይቻላል፣ ቀድመው የተደረሰባቸው ድመቶች ዓመታት ሲኖሩ አይቻለሁ።

ሐኪም ዘንድ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ነገር አድርጊ። ሳፋውን ክደኚ፣ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሞልተሽ ከዚያ ብቻ ቅጂላትና በ24 ሰዓት ምን ያህል እንደጠጣች ተመልከቺ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቷ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ከጠጣች ያለ ጥርጥር በዝቷል። ሁለተኛ መዝኛት። የሰው ሚዛን ላይ ብቻሽን ወጥተሽ፣ ከዚያ አቅፈሻት ወጥተሽ መቀነስ ይቻላል፣ ግን ያ ሚዛን ጥቂት ግራም አይለይም፣ የአትክልት ቤት ሚዛን ካገኘሽ ይሻላል። ለሦስት ኪሎ ድመት 300 ግራም ማጣት ለአንቺ ስድስት ሰባት ኪሎ እንደማጣት ነው።

ሐኪሙ ዘንድ የሽንት ውፍረት (ሪፍራክቶሜትር የምትባል ትንሽ መሣሪያ ናት፣ አንድ ጠብታ ትበቃታለች)፣ ክሬአቲኒን፣ የደም ስኳር እና ከተቻለ የደም ግፊት ጠይቂ። አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፣ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ የድመት ደም ምርመራ ይሠሩ እንደሆነ ጠይቂ፣ ሁሉም አይሠሩም። ካልሆነ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል እዚህ ቢሾፍቱ ነው ያለው። አንድ ነገር ደግሞ፣ ሳይመረምር ተነስቶ ጄንታማይሲን ልውጋት የሚል ካጋጠመሽ ድመትሽን ይዘሽ ውጪ። ጄንታማይሲን ኩላሊትን ይጎዳል።

ካሳንቺስ፣ አያትህ ቤት ያሉት ድመቶች ስንቶቹ 14 ዓመት ሞላቸው?


ካሳንቺስ_ልጅ፦

እሱንስ አልቆጠርኩም ዶክተር 😅


የአሌክሳንድሪያዋ፦

ልጄ፣ እኔ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ የኔዋም አሮጊት ናት። ዶክተሩ ያሉትን ሁሉ ስሚ፣ እኔ ስለ ታይሮይዱ ብቻ ልጨምርልሽ፣ ምክንያቱም የኛ ሰው እንቅርት የሰው ብቻ ይመስለዋል። ድመትም ይይዛታል። የኔዋ ካንቺ በተቃራኒ ነበር የጀመራት። ትበላለች፣ ትበላለች፣ ከሳህኔ ላይ ትነጥቃለች፣ ግን እየከሳች ሄደች። ሌሊት ሌሊት ኮሪደር ላይ ቆማ እንደ ሕፃን ታለቅሳለች። ልቧ እጄ ላይ ይርገበገብ ነበር። «እንዴት ደስ ይላል አርጅታም ትበላለች» ይሉኝ ነበር ሰዎች። ቲ ፎር የሚባለው ምርመራ ሲሠራ ታይሮይዷ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው ተባለ።

ሜቲማዞል የሚባል መድኃኒት አለ። ክኒን አልውጥ ስትል በቅባት መልክ አዘዙላት፣ ጓንት አድርጌ ጆሮዋ ውስጠኛው ቆዳ ላይ፣ ፀጉር በሌለበት፣ ቀባ አደርግላታለሁ። አንድ ቀን ቀኙን፣ በሚቀጥለው ግራውን። ጓንት የምልሽ በጣት ቆዳ ሰውም ውስጥ ስለሚገባ ነው። እዚህ በራዲዮአክቲቭ አዮዲን አንዴ ወግተው የሚጨርሱም አሉ፣ ዋጋው ግን አይወራም።

የሚገርምሽ ደግሞ ታይሮይዱ ሲስተካከል የኩላሊት በሽታዋ ወጣ። ታይሮይድ ሲሮጥ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ስለሚበዛ የኩላሊቱን ድካም ይደብቀዋል አሉኝ። እና ምርመራ ሲሠሩ አንዱን አግኝተው እንዳያቆሙ ንገሪያቸው።


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

እውነት ብለዋል እትዬ። ለአገር ቤት ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ለሰው እንቅርት እኛ ጋ የሚታወቀው ፒቲዩ ነው። ለድመት አይመረጥም፣ ደሟን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ቤት ውስጥ የእማማ ፒቲዩ አለ ብሎ መቁረስ የለም።


የገርጂዋ፦

ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬም እንዲሁ። ፓራሲታሞሉን ቆርሼ አስቀምጬ ነበር፣ ዝግንን አለኝ። ሐሙስ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። እስከዚያ ምን ላብላት? ሱፐርማርኬት የድመት ምግብ አይቻለሁ፣ የኩላሊት የሚባል ግን የለም። እማዬ ደግሞ በፆም ድስቷ ላይ ሥጋ አላስነካም ብላለች 😩


የጎንደር_ልጅ፦

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ሲባል አልሰማሽም? ሽሮ ብዪ ማለት መንኩሺ ማለት ነው። የኛ ቤት መላ ቀላል ነው፣ ለድመቷ የራሷ ትንሽ ድስት አላት፣ ውጪ ከሰል ላይ ይበስላል፣ የሳምንቱ አንዴ ተቀቅሎ በትንንሽ ፌስታል ፍሪዘር ይገባል፣ በቀን አንድ ይወጣል። እናቴም አትቆጣ፣ ድመቷም አትፆም። መብራት ከሄደ ግን ችግር ነው፣ ያኔ ሰፈሩ ድመት ሁሉ ይጋበዛል።


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

ጎንደር ጨርሶታል። ድመት ሥጋ በል ፍጥረት ናት፣ ታውሪን የሚባለውን ነገር የምታገኘው ከሥጋ ብቻ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ካጣችው ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ሽሮ ላይ ይህ የለም።

ዋናው ሕግ፣ ትብላ። ምን ትብላ የሚለው ከዚያ በኋላ ነው። ድመት ሁለት ሦስት ቀን ጭራሽ ካልበላች ስብ ጉበቷ ላይ ይከማቻል፣ ያ ራሱን የቻለ ገዳይ በሽታ ነው፣ በተለይ ወፍራም በነበረች ላይ። ስለዚህ «የኩላሊት ምግብ ነው፣ ካልበላሽ ተራቢ» የሚባል ነገር አይሠራም። ለኩላሊት የተሠሩት ምግቦች ዋና ቁም ነገራቸው ፎስፈረስ መቀነሳቸው ነው። ካገኘሽ ከለመደችው ጋር እየደባለቅሽ በሳምንታት አስለምጃት። ካላገኘሽ በቤት ውስጥ እንዲህ አድርጊ፣ አጥንት የሌለው የዶሮ ጭን በብዙ ውሃ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመም፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅለሽ በጣትሽ ቦጭቂላት። የእንቁላል ነጭ ብትጨምሪ ጥሩ ፕሮቲን ሆኖ ፎስፈረሱ በጣም ትንሽ ነው። ትንሽ ሩዝ ሊገባበት ይችላል። የዶሮ ልብ በመጠኑ ለታውሪኑ ይጠቅማል። አጥንት የለም፣ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ጉበት ትወዳለች ብለሽ በየቀኑ እንዳትሰጪ፣ ቫይታሚን ኤ ይበዛና የአንገትና የጀርባ አጥንቷ እየተጣበቀ ይሄዳል። ይህ ዘላቂ ቀመር አይደለም፣ እስከ ሐሙስና ሐኪሙ እስኪወስን ነው።

ለብ አድርገሽ ስጫት። ያረጀች ድመት ማሽተት ይቀንስባታል፣ ያላሸተተችውን አትበላም። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ዶሮ አሽትታ ዞር ትላለች፣ ያንኑ በሞቀ መረቁ ብትለውሺው ትልሳለች። መረቁ ደግሞ ውሃ ነው፣ ሁለት ጥቅም። ወተቱን ቀንሺው፣ ብዙ አዋቂ ድመቶች የወተቱን ስኳር መፍጨት ስለማይችሉ ያስቀምጣቸዋል፣ እሷ ደግሞ የምታጣው ውሃ የላትም።

ስትሄዱ በካርቶን ወይም ክዳን ባለው ቅርጫት ይዘሻት ሂጂ፣ የምትተኛበትን ጨርቅ ከሥር አንጥፊላት። በእቅፍ ታክሲ ውስጥ እንዳትሞክሪው።


የገርጂዋ፦

ተመልሰናል። ረጅም ስለሆነ ይቅርታ።

2.6 ኪሎ ናት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነች፣ ጎበዝ ናት፣ አልቸኮለችም። የሽንቱ ውፍረት 1.014 መጣ፣ ክሬአቲኒኗ 3.4፣ ስኳሯ ደህና ነው። የታይሮይዱን እዚያ አይሠሩም፣ ደሙን ሌላ ቦታ ልከውታል። ኩላሊቷ ነው አለች፣ ሦስተኛ ደረጃ። ከውስጥ አንድ መንጋጋ ጥርሷም ተበልቷል፣ ለዚያ ነው ስታኝክ ጭንቅላቷን የምታዘነብለው፣ እኔ ኮርታ ነበር የሚመስለኝ 😔 ለጥርሱ ማደንዘዣ ስለሚፈልግ መጀመሪያ ኩላሊቷ ይረጋጋ ብላለች። ማስመለስ የሚያቆም መርፌ ወግታት፣ ከቆዳዋ ሥር ፈሳሽ ሰጥታት መጣን። ማታ ዶሮውን በላች! እማዬ ራሷ ነች በጣቷ እየቦጨቀች ያጎረሰቻት፣ «ምስኪኗን» እያለች፣ ዕድሜዋ ነው ያለችው ሴትዮ።

ችግሩ ፈሳሹን በሳምንት ሁለት ሦስቴ ቤት ውስጥ መስጠት አለብሽ ተባልኩ። አሳይታኛለች፣ ግን እጄ ይንቀጠቀጣል። እዚህ ያደረገው ሰው አለ?


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

አይዞሽ። አንድ ነገር ልብ በይ፣ ያ 3.4 ውሃ አጥታ እያለች የተወሰደ ነው። ሰውነቷ ሲደርቅ ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ይወጣል፣ ፈሳሽ አግኝታ ከተረጋጋች በኋላ ድጋሚ ይሠራላት፣ ደረጃው ያኔ ነው የሚታወቀው። በ2.9 እና በ5 መካከል ከቀረ ሦስተኛ ደረጃ ነው፣ ከዚያ ዝቅ ካለ ደስ ይበላችሁ።

የደም ግፊቷን አልነገርሽንም። ኩላሊት የደከማት ድመት ግፊት ይይዛታል፣ ሳይታወቅ ይቆይና አንድ ቀን ዓይነ ስውር ሆና ታድራለች፣ ግፊቱ የዓይኗን መጋረጃ ከኋላ ይለየዋል። የዓይኗ ጥቁሩ በብርሃንም ሰፍቶ ከቀረ፣ ወይም ግድግዳ ከገጨች፣ በዚያው ቀን ውሰጃት። አምሎዲፒን የምንለው የሰው ግፊት መድኃኒት ለድመትም ይሠራል፣ መጠኑ ግን ትንሽ ቁራሽ ነው፣ እሱን የምትወስነው ሐኪሟ ነች።


ሻርጃ_ነኝ፦

እህት፣ ፈሳሹን ለኔ ተይው፣ አሠሪዬ ያረጀች የፋርስ ድመት አለቻት፣ ፈሳሹን የምሰጣት እኔ ነኝ። መጀመሪያ እኔም ላብ ላብ ብሎኝ ነበር፣ አሁን ቡና እያፈላሁ ነው የምሰጣት።

ከረጢቱን ከመስጠትሽ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጪው፣ ክንድሽ ላይ ስታስነኪው ቀዝቃዛም ሙቅም ካልመሰለሽ ደርሷል። ቀዝቃዛ ፈሳሽ ከገባባት ትሸሽሻለች፣ ሁለተኛ አትቀመጥልሽም። መስኮት መያዣ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ባለ ምስማር ከራስሽ በላይ ስቀዪው፣ ከፍ ባለ ቁጥር ቶሎ ይወርዳል። ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር አስወጪ። እሷን ጭንሽ ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ ጋቢ አንጥፈሽ አስቀምጫት፣ ፊቷ ካንቺ ተቃራኒ ይሁን። በሁለቱ ትከሻዎቿ መሀል ያለውን ልል ቆዳ በግራ እጅሽ ስታነሺው ድንኳን ይሠራል፣ መርፌውን ከድንኳኑ ሥር ወደ ውስጥ፣ ከጀርባዋ ጋር ትይዩ አድርገሽ አስገቢ። በዝግታ አትግፊ፣ ቀስ ባልሽ ቁጥር ነው የሚያማት፣ አንዴ ጥቅ አድርገሽ። ከወዲያ በኩል ወጥቶ ፀጉሯ ከረጠበ ቆዳውን በስተሻል፣ አውጥተሽ በአዲስ መርፌ ድገሚ። ከዚያ ቱቦውን ክፈቺና እያሻሸሽ ጠብቂ። እኔ ያን ሰዓት ነው የምትወደውን እርጥብ ምግብ የምሰጣት፣ አሁን ከረጢቱን ስታይ ራሷ ትመጣለች።

ጀርባዋ ላይ ትልቅ እብጠት ይሠራል፣ እንዳትደነግጪ። ወደ ትከሻዋ ወይ ወደ እግሯ ተንሸራቶ በሰዓታት ውስጥ ይጠፋል። መጠኑን ሐኪሟ ካለችው በላይ አታድርጊ፣ ትንፋሽ ካጠራት አቁመሽ ደውዪ፣ የልብ ሕመም ያለባት ድመት ላይ ሊከብድ ይችላል። መርፌ በየጊዜው አዲስ፣ ያለቀውን ደግሞ ክዳን ባለው ሃይላንድ ውስጥ አጠራቅሚ፣ ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች እንዳይወጉ።

ስትገዢ ሪንገር ላክቴት በይ፣ በስሙ። እኛ ጋ ሰው ሁሉንም ከረጢት ግሉኮስ ነው የሚለው፣ ፋርማሲስቱም ስኳሩን አውጥቶ ቢሰጥሽ አይፈረድበትም። የስኳሩ ከቆዳ ሥር አይሰጥም።


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

ሻርጃ፣ እኔ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ አልነበረም። የምጨምረው የለኝም።


ካሳንቺስ_ልጅ፦

ቆይ እኔ ከልቤ ልጠይቅ፣ ሳላሾፍ። ይሄ ሁሉ መርፌ፣ ይሄ ሁሉ ምርመራ፣ ድመቷ አትድንም አይደል? ታዲያ ለማን ነው? ለሷ ነው ወይስ ለባለቤቷ?


የአሌክሳንድሪያዋ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው ልጄ። ከኔዋ በፊት ሌላ ነበረችኝ፣ መጨረሻ ላይ ሳህኗ ጋ ሄዳ ቆማ ሳትበላ ትመለስ ነበር፣ ራሷን መላስ አቆመች፣ አልጋ ሥር ገብታ ስጠራት አትወጣም። እዚህ መርፌ ወግተው ያሳርፏታል። ኃጢአት ነው የሚሉኝ ነበሩ፣ እኔ ግን ያደረግሁት ለሷ ነው። ያ እስኪመጣ ድረስ ግን ፀሐይ ላይ ተጋድማ፣ እግሬ ላይ ተኝታ፣ ብዙ ጊዜ ኖራለች። ያ ጊዜ ከንቱ አይደለም።


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

በእኛ ሙያም ይሄ ይጠየቃል። እኔ ለባለቤቶች የምላቸው፣ ትበላለች ወይ፣ ራሷን ታጸዳለች ወይ፣ ወደ ሰው ትመጣለች ወይ፣ እነዚህን በየሳምንቱ እዩ። ሦስቱም አዎ ከሆኑ መርፌው ለሷ ነው። ሦስቱም አይ ሲሆኑ ለባለቤቷ ሆኗል ማለት ነው፣ ያኔ እኔም እነግራቸዋለሁ። እማዬ በመርፌ ማሳረፉን እንደማይስማሙ ከሆነ የገርጂዋ ቀድመሽ ከሐኪሟ ጋር ተነጋገሪ፣ ቢያንስ ሕመሟን የሚያስታግስ ነገር ይኖራል። ለድመት የሚሆን የሕመም ማስታገሻ አለ፣ ካንቺ መሳቢያ ውስጥ ያለው ግን አይደለም።


የገርጂዋ፦

እማዬ አይሆንም ባይ ነች፣ ያን ጊዜ ስንደርስ እንነጋገራለን። አሁን ትበላለች፣ ትመጣለች። ራሷን ግን ጀርባዋ ላይ አትልስም፣ ፀጉሯ ተቋጥሯል። እና አሸዋዋ ውስጥ ሳይሆን አጠገቡ ነው የምትሸናው፣ እልህ ይዟት ነው እንዴ?


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

እልህ አይደለም፣ መገጣጠሚያዋ ነው። ከ12 ዓመት በላይ የሆናቸው ድመቶች ራጅ ሲነሱ አብዛኞቹ ላይ የመገጣጠሚያ ለውጥ ይታያል። ድመት ደግሞ እያነከሰች አትነግርሽም፣ መዝለል ትተዋለች፣ ጀርባዋን ለመላስ መጠማዘዝ ትተዋለች፣ በቃ። ጎረቤትሽ ቁርጥማት ያለችው ያን ያህል አልሳተችም፣ መድኃኒቱን ነው የሳተችው። አሸዋዋ ያለበት ሳፋ ጠርዙ ከፍ ካለባት አንዱን ጎን በጣት ቁመት ያህል እስኪቀር ቁረጪው፣ ወይም ዝቅ ያለ ትሪ ላይ አድርጊላት። አሸዋ ካስቸገረ ደቃቅ ሰጋቱራ ይሆናል፣ ለመዳፏም ይለሰልሳል። ሶፋው ሥር ካርቶን ወይ ዝቅተኛ በርጩማ አስጠጊላት፣ በሁለት እርምጃ ትወጣለች። ማታ ቅዝቃዜ ሲሆን ሃይላንድ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ ሞልተሽ በፎጣ ጠቅልለሽ መኝታዋ ላይ አስቀምጪ፣ የፈላ ውሃ እንዳይሆን።

የተቋጠረውን ፀጉር በመቀስ አትንኪ፣ የከሳች ድመት ቆዳ ስስ ነው፣ አብሮ ይቆረጣል። በማበጠሪያ ከጫፉ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ፍቺው። ቁንጫ ካየሽባት የውሻ ቁንጫ መድኃኒት እንዳታፈሺባት፣ ፐርሜትሪን ያለበት ድመትን ያንቀጠቅጣል፣ ይገድላልም። ጥፍሯንም እዪ፣ መውጣትና መቧጨር ያቆመች ድመት ጥፍሯ ያድግና ታጥፎ መዳፏን ይወጋል።


የገርጂዋ፦

አሁኑኑ አየሁት። የፊት ግራ እግሯ ላይ አንዱ ተጠማዞ መዳፏን ሊነካ ደርሷል። በሰው ጥፍር መቁረጫ ይሆናል?


ቬት_ከቢሾፍቱ፦

ይሆናል፣ ስለታም ከሆነ። ብርሃን ባለበት ያዣት፣ ጥፍሩ ውስጥ ሮዝ መስመር ታያለሽ፣ ደም ሥሯ ነው። ከሱ ራቅ ብለሽ ጫፉን ብቻ ቁረጪ። እማዬ ያቅፏት፣ አንቺ ቁረጪ።